ቀይዋ፣ ነጯና የሐራው ሞተር

ወንድሜ ከሳውዲ በተመለሰ በመንፈቁ፣ መርሳ፣ ደጃችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ፣ «ወይ የምወዳትን መኪና እገዛለሁ፣ ወይ ከሚመጣው ገበያ በኋላ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለኝ። «ለእማ እንዳትነግሪ።»

እማ ግን ከኔ ቀድማ አውቃለች። ጠዋት ስፖርት ጫማውን አጥቦ አጥሩ ላይ አስጥቶት አይታለች። በኛ ሰፈር ጎረምሳ ጫማውን አጥቦ አጥር ላይ ሲያሰጣ እናት ምን ሆነሃል ብላ አትጠይቅም። የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ያ ጫማ ነው። መጀመሪያ የሄደ ጊዜም ጫማው ከአጥሩ ላይ ጠፋ፣ እሱም አብሮ ጠፋ፤ ድምፁን የሰማነው ከባሕሩ ማዶ ነው። አብረውት ከወጡት መካከል ድምፃቸው እስከ ዛሬ ያልተሰማ አሉ። እናቶቻቸው ገበያ ላይ ሲያገኙን ስለ ወንድሜ ጤና ይጠይቁና ዓይናቸውን መልሰው ሽንኩርቱ ላይ ይተክላሉ።

ከመሄዱ በፊት በመርሳና በወልድያ መካከል የሚመላለስ የሰው ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እዚያ ሲደርስ ሥራው የአንድ ባለጸጋ መኪኖችን ማጠብ ሆነ። እኔ ፎቶዎቹን አይቻለሁ፤ ዝቅ ያሉ፣ ሰፊ ጎማ ያላቸው፣ ቆመው እንኳ የሚሮጡ የሚመስሉ መኪኖች ነበሩ። አጥቦ ሲጨርስ ከግቢው መሐል ወደ ማደሪያቸው ያስገባቸዋል። በዓመታት ውስጥ የነዳው ርቀት ይኸው ነው። ከአጥሩ ውጭ አንዷንም አላወጣም። «ሞተሩን አስነሳዋለሁ፣ ያጓራል፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ» ብሎ ነበር የነገረኝ።

ገንዘቡ ግራና ከሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ነበር። እሱ የላከውን እየተቀበሉ ከብት ገዝተው አርብተውለታል፤ ሲመለስ ሸጠው በእጁ ሊሰጡት ተዘጋጁ። በረሃውን ለሚያሻግረው ደላላ ከበቂ በላይ ነው። ለመኪና ግን አሮጌ ብቻ ይገዛል፣ ከዚያም ለመንገድ የሚተርፍ አይኖርም። እማም እኔም ይህን እናውቅ ስለነበር መኪናው የቅንጦት ነገር ሆኖ አልታየንም። ጎረቤት ሁሉ ባጃጅ ይግዛ አለ። አጎቴም ባጃጅ አሉ። ወንድሜ ለሰዉ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀና ለብቻችን ስንሆን፣ «ባጃጅ ያበላል፤ የራበኝ ግን ሆዴን አይደለም» አለኝ። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ስለዚህ የተናገረው ገባኝ፤ ፍለጋውንም እኔው ያዝኩት። ሻጮቹን ስልክ እየደወልኩ ያነጋገርኩት እኔ ነኝ።

በእጃችን ባለው አቅም የተገኙት ሦስት ነበሩ። ሐራ ላይ አንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል፣ እዚሁ መርሳ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና፣ ወልድያ ደግሞ አንዲት ባለ ሁለት በር ቀይ።

መጀመሪያ ሐራ ሄድን። ሻጩ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከለቀቀ ሠራተኛ ላይ ሞተሩን የገዛ ሰው ነው። ቤንዚን የሚገኘው በጀሪካን በጥቁር ገበያ ስለነበር ለሙከራው የሚሆነውን ራሳችን ይዘን ነበር የሄድነው። ሰውየው ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት፣ «መያዣህ ማነው?» አለው። ወንድሜ በአገጩ ወደ እኔ አሳየ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «በቃ ካልተመለስክ ፍየል ታግድልኛለች» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሐራ ወደ ጭፍራ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ አፋር ይወርዳል። ወንድሜ ሞተሩን አስነሳና ሄደ። ድምፁ መጀመሪያ ጆሮ ይበጥስ ነበር፣ ከዚያ እንደ ንብ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። አቧራው ተመልሶ መሬት ላይ ተኛ። ሻጩ ወንበር አመጣልኝ። ቀልዱን አቆመ። እኔ መንገዱን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ መጀመሪያ የሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ አሁን ደግሞ ከሥሩ ሞተር አለ። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ መልሶ ከተተው። ማንን ሊጠራ እንደነበር አልጠየቅሁትም።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከንፋሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ለምን ቆየህ አልኩት።

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው» አለ ቁልፉን እያስረከበ። «ቀጥ ያለ መንገድ መመለሻውን ያስረሳል።»

ማታ ለእማ ስለ ሞተሩ ሲነግራት አዳምጣ ጨረሰችና የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «እኔ የት ነው የምቀመጠው?» ከኋላው መቀመጫ አለው አላት። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ወገብ አቅፌ ገበያ ልሄድ ነው ወይ አለችና ሳህኑን አነሳች። የሞተሩ ነገር በዚያው ተዘጋ። እኔ አመሰገንኳት፤ በሆዴ።

ነጯ መኪና የጎረቤታችን የፍራፍሬ ነጋዴው ናት። ውስጧ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ቀላል ናት፤ ማርሿ በእጅ ነው፤ ነዳጅ አትጠጣም። ወደ ውርጌሳ ይዘናት ስንወጣ ወንድሜ በሁለተኛ ማርሽ አስጮሃት፣ ኩርባው ላይ ሳይፈራ ገባ፣ እሷም ተከትላ ዘለለች። ከተመለሰ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። አጎቴ ለዚሁ ጉዳይ ከግራና መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ «ፍየል ናት» አሉ። «ፍየል ደግሞ በድርቅም አትሞት። ግዛት።» መመለሻው ላይ ግን አንድ ዳገት ላይ ትንፋሿ አጠረ። ወንድሜ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ እሷ ግን በዚያው ስታዘግም ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ። ነጋዴው እንዴት ናት ሲለው ደህና ናት አለ። ሰው ለቀስተኛን እንዴት ነህ ሲሉት በሚመልሰው ድምፅ።

የቀረችው ቀይዋ ነበረች። ወንድሜ የቆረጠው ገበያም ደርሶ ነበር።

ባለቤቷ ወልድያ የሚያስተምር ከሩቅ አገር የመጣ መምህር ነው። ዝውውር ደርሶት ሊሄድ ስለሆነ ነው የሚሸጣት። አሮጌ ናት፣ ግን እንደ ሙሽራ ይዟታል፤ የራሷን ሞተር አውጥቶ ትልቅ ሞተር አስገብቶላታል፣ ቸርኬዎቿን ራሱ ነው የሚያጥባቸው። በሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ ለመግባት የፊተኛው ወንበር መታጠፍ አለበት። አጎቴ ዱላቸውን አስቀድመው አስገቡ፣ ከዚያ ራሳቸውን፣ ከዚያ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ «በዚህ በር ጥጃም ተለምና አትገባ» አሉ። መምህሩ ፈገግ አለ። እኔ ከጎናቸው ገባሁ፤ መምህሩ ከፊት ተቀመጠ፤ ወንድሜ መሪውን ያዘ።

ወደ ድልብ ወጣን። ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወልድያ ከእግር ሥር እየራቀች፣ መንገዱ እየተጠመዘዘ፣ በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ተራራ። ወንድሜ መጀመሪያ በዝግታ ነዳ። እጁን በመሪው ላይ አሸት አሸት አደረገ፣ ልክ ሰው የሌላ ሰው በሬ ጀርባ ላይ እጁን አድርጎ እንደሚያለምድ። ከዚያ አንድ ኩርባ ሲጨርስ ነዳጅ ሰጣት።

ቀይዋ ወደፊት ሄደች ማለት አይበቃም። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ኩርባው እየመጣ ነበር፣ ከኩርባው ማዶ ሰማይ ብቻ ይታያል፣ እኔ የአጎቴን ጋቢ ጨበጥኩ። ወንድሜ ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ አጓራ፣ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣን። ሌላ ኩርባ። ሌላ። ከላይ አንድ የጭነት መኪና ሲወርድ መምህሩ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገ፤ ወንድሜ ግን ቀድሞ አይቶት ስለነበር ፍጥነቱን ሰብስቦ፣ ጠርዙን ይዞ፣ አሳልፎት እንደገና ለቀቃት። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ነጯ ላይ ነው የሳቀው። እዚህ ግን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሚኒባስ ሲነዳ የነበረው ልጅ፣ ከመሄዱ በፊት የማውቀው፣ ከመስታወቱ ውስጥ መንገዱን ያይ ነበር። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር አብሬ ፈራሁ። ይህችን ካላገኘ ይሄዳል። ካገኘ ደግሞ ይህ ገደል አለ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ወርዶ ኮፈኗ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ቆየ። አጎቴ ከኋላ እየወጡ አዩት።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወልድያ ተመልሰን መምህሩ ዋጋ ሲናገር። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። በበሬ ገበያ የወደዱትን ማመስገን የለም፤ ዋጋ ይንራል፣ ዓይንም ያርፍበታል። በጣም የወደደ በጣም ይሳደባል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ስድቡ ሲበዛ ደስ እያለው ያዳምጣል። ከዚያ ገዢ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ወደኋላ አያይም። ሻጭ ይጠራል። በመጀመሪያው ጥሪ አይመለሱም፤ ያ ለክብር ነው። በሁለተኛው ይመለሳሉ፣ ዋጋው ወርዶ ይጠብቃል። ሳይጠራ ተመልሶ የሄደ ገዢ ግን የገበያው መሳቂያ ነው።

እናም አጎቴ በሙሉ ልባቸው ተሳደቡ። ቀዩ ቀለም ሽበት መደበቂያ ነው አሉ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ታስላለች አሉ። ሁለት በር ያላት መኪና ግማሽ መኪና ናት፣ ሞተሯም የሰው ነው፣ የማን እንደሆነ አላህ ይወቀው አሉ። ዱላቸውን አንስተው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉና፣ «ይህችን የሚገዛ ሚስቱ የጠፋችበት ሰው ነው» ብለው ዞረው ሄዱ። እኛም ተከተልን። ወንድሜ ወደኋላ ሊያይ ሲል ክንዱን ያዙት።

ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥን። አጎቴ ዘና ብለው ሻይ አዘዙ፤ አሁን ይጠራናል አሉ። መምህሩ መኪናዋ አጠገብ ትንሽ ቆመ። ጎማዋን አየ፣ ዱላው የነካውን ቦታ በእጁ ጠረገው። ከዚያ ገባና አስነሳት። ያን ድምፅ ሦስታችንም አወቅነው። በሻይ ቤቱ በር አለፈ፣ ወደ ላይ ሄደ፣ ራቀ። ወንድሜ ጆሮው እስኪያጣው ድረስ አልተነቃነቀም።

አጎቴ፣ «ዞሮ ይመጣል» አሉ።

አልመጣም። የወንድሜ ሻይ ቆዳ አበጀ። ስደውልለት መምህሩ ስላላነሳ ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ አልተቆጣም፤ የከፋው ግን ያ ነበር።

«የማትወዱትን ነገር ለምን ልታዩ መጣችሁ?» አለኝ።

እኔ የበሬ ገበያውን ሕግ አስረዳሁት። ያን ያህል የሰደቧት ስለወደዷት ነው አልኩት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በሱ አገር ሰው ከሰደበ ጠልቶ ነው፤ ጀርባ ከሰጠም ጨርሶ ነው። አምኖን ነበር የሄደው። ደግሞ ከቤቱ ሳይደርስ አንድ የደሴ ሰው ደውሎለት፣ ነገ መጥቶ ቀድሞ እንዲያያት ቃል ሰጥቶታል። ቃሌን ማጠፍ አልችልም አለኝ። ልለምነው አልኩና ተውኩት። እኛ ስድባችን ሕግ ከሆነ የሱ ቃልም ሕግ ነው።

ወደ መርሳ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ አጎቴ ብዙ አወሩ። ነጯ ምን ሆነች፣ ዘቢብ የመሰለች መኪና፣ ነገውኑ እንጨርሳለን አሉ። ስሪንቃን ስናልፍ ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ፣ ለኔ ብቻ የነገረውን ጮክ ሳይል ለሳቸው ተናገረው።

«ነጯ ደህና ናት፣ አጎቴ። ደህና ነገር ግን አያስቀረኝም።»

አጎቴ አፋቸውን ያዙ። ከምን እንደሚያስቀረው አልጠየቁም። ያን ቀን ወደ ግራና አልተመለሱም፤ እኛ ቤት አደሩ።

ጠዋት ስነሳ አጥሩ ላይ ጫማው አልነበረም። የአጎቴ ዱላም ከጥጉ አልነበረም፤ እሱን ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። ነጠላዬን ይዤ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ወንድሜን ያገኘሁት ከመናኸሪያው ውጭ፣ ወደ ሐራ የሚሄዱት መኪኖች በሚቆሙበት፣ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ እግሩ ሥር አድርጎ ነው። ከሱ ትንሽ ራቅ ብለው ሌሎች ቆመዋል፤ እንደማይተዋወቁ ሆነው፣ ሁሉም የታጠበ ጫማ አድርገው። አጠገቡ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ቃል ስሰበስብ የኖርኩ ሰው አንድ አላገኘሁም።

እማ ከኋላዬ መጣች። አላለቀሰችም፣ እጁን አልያዘችም። የወንድሜን ቦርሳ አየቻትና ሻሿን አስተካክላ እላይዋ ተቀመጠች።

«እማ ተነሺ» አላት።

«ደክሞኛል» አለችው። «የምቀመጥበት ስታሳየኝ ነው የከረምከው፤ ይኸው ራሴ አገኘሁ።»

አንዱ ልጅ ሳያስበው ሳቀ፣ ከዚያ አፈረና ፊቱን አዞረ። መኪናው መጣ። መጋረጃ ያለው ነጭ ሚኒባስ ነው። በሩን የከፈተው ሰው ልጆቹን በዓይኑ እየቆጠረ አስገባ፣ ወንድሜ ጋ ሲደርስ፣ «ና እንጂ፣ አንተ» አለው። እማ ከቦርሳዋ ላይ አልተነሳችም።

ያኔ ከስሪንቃ በኩል ድምፁ መጣ። ከማየቴ በፊት አወቅሁት፤ ወንድሜም አወቀው፤ አንገቱ ብቻ ዞረ። ቀይዋ ባጃጆቹን አልፋ መጥታ አጠገባችን ቆመች። መሪውን የያዘው መምህሩ ነው። ከጎኑ አጎቴ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል።

በኋላ የሰማነው እንዲህ ነው። አጎቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ሄደው መምህሩ ደጅ ቆመዋል። ሲወጣ ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተናገሩም። የደሴውን ሰው ደውልልኝ አሉት። ያንን በመልኩም በስሙም የማያውቁትን ሰው በስልክ ሽምግልና ያዙት፤ የልጅ ነገር ነው፣ የእናት ነገር ነው፣ ልቀቅልን አሉት። ሰውየው ሰማና፣ ለልጁ ይሁን፣ ዱዓ ብቻ አድርጉልኝ አለ። ከዚያ አጎቴ መምህሩ ከጠራው ዋጋ ላይ ሳይቀንሱ ተስማምተው፣ ከደጁ ለምለም ሣር ነጭተው፣ እንደ ተበደለ ሰው ካሳ፣ ኮፈኗ ላይ አደረጉ። ሣሩ መርሳ ስትደርስ ገና በመስታወት መጥረጊያው ተይዞ ነበር።

አጎቴ ወረዱ። ወንድሜን ፊት ለፊት አላዩትም።

«ሳልጠራ ተመልሼ ሄድኩ» አሉ። «ይህን ከኔ ቀድሞ የግራና ገበያ ይስማው።»

ከሚኒባሱ በር ያለው ሰው ጥሩንባ አስነፋ። ልጆቹ ከመጋረጃው ኋላ ያያሉ። ወንድሜ ሚኒባሱን አየ፣ ቀይዋን አየ። ያኔ እማ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ተነሳች። ቦርሳዋን ለቀቀችለት። አቧራውን ከቀሚሷ አራግፋ ወደ ጎን ቆመች።

ወንድሜ ቦርሳዋን አነሳ። አንድ እርምጃ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ ሳይገባኝ ሌላ ሄደ። ከዚያ የቀይዋን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ቦርሳዋን ውስጥ አኖረና ዘጋው። ሚኒባሱ የቀረበትን ሰው ሳይጠብቅ ሄደ። መምህሩ መሪውን ለወንድሜ፣ አጎቴ የፊተኛውን ወንበር ለእማ ለቀቁ። እሷ ገብታ ተደላድላ፣ መስኮቱን አውርዳ፣ «እንግዲህ ንዳ» አለች።

ያ ካለፈ ሰነበተ። ወንድሜ ነዳጅ ሲገኝ ሰዎችን በኮንትራት ያመላልሳል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ማንጎው ሥር ያቆማታል፣ ያጥባታል፣ ያስነሳታል፣ ከደጃችን አውጥቶ እስከ አስፋልቱ ወስዶ ይመልሳታል። በወር አንዴ፣ ቤንዚን ካተረፈ፣ ድልብ እንወጣለን። ቦርሳዋ ግን ከኋላ ኮፈን ውስጥ እስከ ዛሬ አልወጣችም። እማ ጤፍ ስታስጭን ገፋ ታደርጋታለች እንጂ አትነካትም። እኔም አልነካኋትም። ማውጣት የሱ ነው።

ባለፈው ከድልብ ስንወርድ አንዱን ኩርባ በፍጥነት ገባበት፤ ቦርሳዋ ከኋላችን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስትንሸራተት ሰማኋት። እማም ሰማች፤ ዓይኗን ከመንገዱ ግን አላነሳችም። ወንድሜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ፍሬን ነካ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ቀጣዩን ኩርባ በዝግታ ገባ። ቦርሳዋ ዝም አለች። እስከ ወልድያ ድረስ በዚያው ፍጥነት ወረድን።